ተዝካር ማለት ማሰብ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ሰው ዘመዱ በሞተበት ሰሞን ብዙ ያለቅሳል፤ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን እንባው ይደርቃል፤ የኑሮ ሐሳብም ልቡን ይወስደዋል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ይህን የሰውን ድካም ስለምታውቅ፣ ያረፉት እንዳይረሱ ቀን ወስና ሥርዐት ሠርታለች። ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እየተባለ የሚቈጠረው ስለዚህ ነው። እስራኤልም ለአሮንና ለሙሴ ለእያንዳንዳቸው 30 ቀን እንዳለቀሱላቸው በኦሪት ተጽፏል (ዘኍ. 20፥29፤ ዘዳ. 34፥8)።

ተዝካር የሚለው ቃል ዘከረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ዘከረ ማለት አሰበ ማለት ነው። እንግዲህ ተዝካር ሲተረጐም መታሰቢያ እንጂ ድግስ አይደለም። ድግሱ የገባው ለመታሰቢያው አገልጋይ ሆኖ ነው፤ ይኸውም ድኾች በልተው ጠጥተው ነፍስ ይማር እንዲሉ ነው። ዛሬ ግን በብዙ ቤት አገልጋዩ ጌታ ሆኗል። ስንት በሬ ታረደ፣ ስንት ጋን ጠላ ተጠመቀ ይባላል እንጂ፣ ያረፈው ሰው ምን ሠርቶ ዐለፈ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን የጣቢታን ታሪክ ብንመረምር ስለዚህ ነገር ትልቅ ትምህርት እናገኛለን (9፥36-42)። ይህች ሴት በኢዮጴ ትኖር የነበረች፣ ድኾችን በመርዳት የታወቀች ክርስቲያን ነበረች። ታማ በሞተች ጊዜ በልዳ ወደ ነበረው ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሁለት ሰዎች ተላኩ። ሐዋርያው በደረሰ ጊዜ መበለቶቹ ምን አደረጉ? የምስጋና ቃል አላበዙም፤ በሕይወት ሳለች በእጅዋ የሠራችላቸውን ልብስ እያለቀሱ አሳዩት እንጂ። አንደበታቸው ዝም ቢልም ልብሱ ስለ እርስዋ ይመሰክር ነበር። እውነተኛ መታሰቢያ ይህ ነው፤ ያረፈው ሰው የሠራው ሥራ በሕያዋን እጅ ሲገኝ ነው።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በራሳችን ቤት የደረሰብንን ስለምናውቅ ነው እንጂ። ባለፈው ዓመት እናታችን ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። አባታችን ከሞቱ ጀምሮ ቆብ ደፍተው ይኖሩ ስለ ነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማሆይ ይላቸው ነበር፤ እኛም ልጆቻቸው እንዲሁ እንጠራቸው ነበር። አርባቸው በቀረበ ጊዜ ወንድሞችና እኅቶች በቤታቸው ተሰብስበን ስለ ተዝካሩ እንመክር ጀመር። ታላቅ ወንድማችን፣ «የቄስ እናት ተዝካር እንደ ማንም ሊሆን አይገባም» አለ። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አብረውን የሚያገለግሉት ካህናት ምን ይሉናል ብለን ስለ ፈራን ነገሩን ወደድነው። በሬው ሁለት ይሁን ተባለ፤ የጐደለውም ገንዘብ በብድር እንዲመጣ ተቈረጠ።

ይህን ስንቈጥር ቀኑ እኩል ሆነ። በዚያን ጊዜ ከደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የተማሪ ድምፅ ተሰማ። ከእኛ አንድ ስንኳ የተነሣ የለም፤ እያንዳንዱ ሌላው ይነሣል ብሎ ተቀመጠ። ተማሪው ሦስት ጊዜ ጠርቶ ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጎረቤት የሆኑ አንዲት ባልቴት ገብተው፣ «ልጆቼ፣ የእማሆይ ተዝካር ከደጃችሁ ደርሶ ሲመለስ አየሁት» አሉን። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው እኛ የማናውቀውን የእናታችንን ታሪክ ነገሩን።

በ1978 ዓ.ም. እኛ የ13 ዓመት ልጅ ሳለን፣ ዳዊት ደግመን ቅኔ ለመማር ከሰሜን ሸዋ ተነሥተን፣ ዐባይን ተሻግረን ወደ ጎጃም ሄደን ነበር። እናታችን ከዚያ ቀን ጀምረው እንጀራ በጋገሩ ቍጥር የመጀመሪያውን ለተማሪ ይለዩት ነበር። ጎረቤታቸው፣ «ለራስሽ ሳይበቃሽ?» ቢሏቸው፣ «የእኔም ልጅ ዛሬ ከሰው ደጅ ቆሟል፤ እኔ ይህን ብመልሰው የእኔን ማን ይቀበለዋል?» ብለው መለሱ። እኛ ተምረን፣ ቅስና ተቀብለን ከተመለስን በኋላም ልማዳቸውን አልተዉም። ታመው እስከ ተኙበት ቀን ድረስ ያ እንጀራ ተለይቶ ይቀመጥ ነበር።

እኛ ደበሎ ለብሰን፣ አኰፋዳ አንግተን፣ ውሻ በዱላ እየተከላከልን ያንኑ ቃል በየደጁ እየጠራን ያደግን ነን። ድምፁን ከሁሉ አስቀድሞ ለይቶ መነሣት የሚገባው ማን ነበር? እናታችንን ለማሰብ ተሰብስበን ሳለ እናታችንን ረሳናቸው።

እናታችን እንከን የለሽ ነበሩ አንልም። ቍጣቸው ፈጣን ነበር፤ ከእኒሁ ጎረቤታቸው ጋር እንኳ በድንበር ነገር ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ቈይተው፣ በዐቢይ ጾም ዋዜማ ራሳቸው ሄደው ከእግራቸው ወድቀው ታርቀዋል። ይህንንም የነገሩን እኒያው ባልቴት ናቸው። የሞተን ሰው ያለ ልክ ማመስገን መልኩን መለወጥ ነው፤ ሰው በእውነት የሚታሰበው ከነድካሙና ከነንስሓው ነውና።

እንግዲህ ያረፈ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ ሦስት ነገር እንመክራችኋለን። መጀመሪያ፣ ጸሎቱን አታስታጕሉ፤ ያረፈው በክርስትና ስሙ በቅዳሴና በፍትሐት እንዲታሰብ አድርጉ። ሁለተኛ፣ ከድግሱ አስቀድማችሁ ዕዳውን መርምሩ፤ የተበደረውን ክፈሉ፤ የተቀበለውን አደራ መልሱ፤ ያስቀየመውን ሰው ስለ እርሱ ይቅርታ ለምኑ። የሟቹን ዕዳ ሳይከፍሉ በስሙ አዲስ ዕዳ መግባት ክብር አይባልም። ሦስተኛ፣ በእጁ የያዘውን በጎ ሥራ ፈልጉና ከእናንተ አንዱ ይረከበው። ድኻን ማብላት ከጥንት የመጣ ሥርዐት ነውና ይቅር አንልም፤ ነገር ግን ድኻው በአርባው ቀን ጠግቦ በአርባ አንደኛው ቀን እንደሚራብ አንርሳ።

በእናታችን አርባ ብድሩ ቀረ። በቤት በተገኘው እህል ዝክሩ ተዘጋጀ፤ ድኾችና ተማሪዎችም ከሁሉ አስቀድመው ተቀመጡ። የመጀመሪያውን እንጀራ መለየት ዛሬ የታናሽ እኅታችን ሥራ ሆኗል። ያን ተማሪ ግን በዚያው ሰዓት ወጥተን ብንከተለው አላገኘነውም፤ በአቅራቢያው ባሉት ጉባኤ ቤቶች ብንጠይቅም የሚያውቀው አልተገኘም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ከደጃችን የሚቆመውን ተማሪ ሁሉ ያ የሄደው እርሱ ነው ብለን እንቀበለዋለን።

እግዚአብሔር አምላካችን ያረፉትን ወገኖቻችንን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እኛንም ደጃችን ሲጠራ የምንሰማበት ጆሮ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።