ሰባራ ድልድይና ገመዱን የያዙት እጆች

ባለፈው ዓርብ እዚሁ ዐዚዚያ አንዲት እህታችን የጠየቀችኝ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። «ሰባት ዓመት ሙሉ ለቤተሰብ ልኬአለሁ። ‹አንቺ ድልድያችን ነሽ› ይሉኛል። የሚደውሉት ግን ብሩ ሲዘገይ ነው፤ ስታመም የሚጠይቀኝ የለም። አሁን ባቆም ኃጢአት ነው?» አለችኝ። ወዲያው የምመልስላት አጣሁ። ድልድይ ስትለኝ ግን የአገራችን ሰባራ ድልድይ ትዝ አለኝ።

ሰባራ ድልድይ ከሞጣ ወረድ ብሎ ዓባይ ላይ ያለ፣ ጎጃምን ከጎንደር ያገናኝ የነበረ የድንጋይ ድልድይ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ጊዜ እንደተሠራ ይነገራል። የንጉሡን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ድንጋዩን የጠረበውን፣ ኖራውን ያቦካውን፣ ለሠራተኛው እንጀራ የጋገረችውን ግን በስም የሚጠራቸው የለም።

ጣሊያን አገራችንን ሲወር ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች መካከሉን አፈረሱት። አጠፉ እንዴ? እኔ አጠፉ አልልም። ድልድይ ለሰው ተሠራ እንጂ ሰው ለድልድይ አልተፈጠረም። ሊያጠፋሽ የሚመጣውን የሚያሻግር ከሆነ ማፍረስም ያስፈልጋል።

ግን ጠላት ሄደ፣ ክፍተቱ ቀረ። ከ60 ዓመት በላይ ዳፋው የወደቀው ባላገሩ ላይ ነው። ገበያ የሚሄድ፣ ዘመድ የሚጠይቅ ሰው ገመድ ይዞ ይንጠለጠላል፤ ወዲህና ወዲያ የቆሙት እየጎተቱ ያሻግሩታል። ከስር ገደልና ዓባይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ይህንን በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ በፎቶ አየ። ገጹን ገልብጦ አላለፈም። በዓመቱ መጥቶ ከአገሬው ሰው ጋር ክፍተቱን በብረት ጠገኑት። ብረቱን ገደል ለገደል ያወረዱት ሰውና አህያ ናቸው። በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። እንደገና ተነሥተው በ2009 ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ሠሩ።

ከእነዚህ ሁሉ ማንን ታደንቂያለሽ ብትሉኝ፣ ገመድ ጎታቾቹን ነው። ሐውልት የላቸውም። ግን ማንም ብቻውን አላሻገረም። ገመዱን አንዱ ወገን ብቻ ቢይዘው ተሻጋሪው መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የቤተሰብ ነገርም እንደዚያ ነው። እናትሽ በጸሎትም በዱዓም ያንዱን ጫፍ ይዛልሽ ይሆናል። ገመዱን ለቆ እጁን የሚዘረጋ ወንድም ግን ጎታች አይደለም፣ ጭነት ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ መልሴ ይኸው። ማረፍሽ ኃጢአት አይደለም። አንቺም ተሻጋሪ ነሽ፣ ድንጋይ አይደለሽም። ግን ድንገት አትቁረጪው። ገመዱ ሲበጠስ የሚወድቀው ያ መቀበል የለመደው ወንድምሽ ላይሆን ይችላል፤ በአንቺ ብር የምትማረው ትንሿ እህትሽ ልትሆን ትችላለች። አስቀድመሽ ደውዪና «ክንዴ ዝሏል፣ እናንተም ያዙ» በያቸው። የእሷን ደብተርና የእናትሽን መድኃኒት ለይተሽ ላኪ፣ የቀረውን ለራስሽ አስቀምጪ።

እኔም ለወንድሜ እንዲህ ብዬ ደወልኩለት። ተቆጥቶ ዘጋብኝ። በአራተኛው ቀን መልሶ ደወለ፤ መጀመሪያ የጠየቀኝም «ጤናሽ እንዴት ነው?» ብሎ ነው።