በክረምት «ያምራል» ስንል

ለምለም ማሳ አይቶ «ያምራል!» ማለት እንዲያው የዓይን መብት ነው ወይስ ዕዳም አለበት? ጥያቄው የቀልድ ይመስላል። ዳሩ ግን ባለፈው ክረምት በግቢው የቀረነው ልጆች «የት እንሂድ?» ብለን ስንከራከር ያመሸነው በዚሁ ነገር ላይ ነው። አንደኛው ወገን «ላንጋኖ ወይም አርባ ምንጭ ካልሆነ ምን ጉዞ አለ? እዚህ አጠገባችን ያለው ጭቃና ጉም ብቻ ነው» አለ። ሁለተኛው ወገን፣ ገጠር ያደጉት ይበዙበታል፣ ከዚያም የከበደ ነገር አመጣ፦ «በነሐሴ በገበሬ ደጅ ሽርሽር መሄድ ነውር ነው፤ አረንጓዴ አይበላም» አለን። ለመጀመሪያው ወገን መልሱን ኪሳችን ይሰጠዋል። እኛ እዚህ ላይ የምንከራከረው ከሁለተኛው ጋር ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በፈረንጅ ልቦለዶች የምናነበው የታኅሣሥና የጥር በረዶ ወደ አማርኛ ሲገለበጥ «ክረምት» ይባላል። ታኅሣሥ ግን ለእኛ በጋ ነው። የእኛ ክረምት በአባቶች አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ነው። ዝናብ የሚዘንብበት፣ ዘር መሬት ውስጥ ገብቶ የሚበቅልበት ጊዜ መሆኑ ነው። ብርዱንም ቢሆን አትናቁት፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናትና በሐምሌ ማለዳ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ክፍል መግባት የሚያምረን ጊዜ አለ።

የሄድነው ወደ ጣርማ በር ነው። ከከተማው ተነሥቶ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። መንገዱ በገብስና በባቄላ ማሳ መካከል ያልፋል። በግና ፍየል የሚጠብቁ ልጆች ገሳቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ ቡሄ ሊደርስ ስለሆነ ከየአቅጣጫው የጅራፍ ጩኸት ይሰማል። ከዚያ ጉሙ ይመጣል። መጀመሪያ ባሕር ዛፉን ይውጣል፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ በመጨረሻም አጠገባችሁ ያለውን ጓደኛ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከፈለፈለው ዋሻ አጠገብ ቆመን ከራሳችን ጫማ በቀር የምናየው አልነበረም፤ «ለዚህ ነው ወይ የመጣነው!» ያለም አልጠፋ። ድንገት ነፋስ ነፈሰና ጉሙ ተቀደደ። ለካ የቆምነው በዓለም ጠርዝ ላይ ኖሯል! ከእግራችን ሥር መሬት የለም፤ ገደሉ ወርዶ፣ ወርዶ፣ የደብረ ሲና ቆርቆሮ እንደ ተበተነ ሳንቲም ያበራል፤ ከዚያ ወዲያ ቆላው እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ይዘረጋል። ጅብራው እንደ ዘብ ተገትሯል። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጉሙ ተመልሶ ዘጋው። ከአርባ ምንጭ ወገን የነበሩት ልጆች ከዚያ በኋላ ስለ አርባ ምንጭ አላነሡም። (አንኮበርንና የወፍ ዋሻን ደን ያየ ሰው ደግሞ ከዚህም በላይ ያወራል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ወደ ክርክሩ እንመለስ። ሁለተኛው ወገን የሚለው እውነት አለው። ነሐሴ ደጋው እጅግ የሚያምርበት ወር ነው፤ ጎተራውም እጅግ የሚጎድልበት ወር ነው። በልግ የቀናው ካልሆነ በቀር የአምናው ገብስ ከጎተራው ታች ደርሷል፣ የዘንድሮው ገና ቅጠል ነው። በዚህ አገር የሚነደው አብዛኛው ኩበት ነውና በበጋ ጠፍጥፎ ያልከመረ ሰው በክረምት የሚያነደው ያጣል፤ በዝናብ ኩበት አይደርቅም። እንግዲህ እኛ ከመኪና መስኮት «ለምለም» የምንለው በሁለት እህል መካከል ያለውን ባዶ ጊዜ ነው።

ነገሩ ከሽርሽርም ያልፋል። በ2000 ዓ.ም. በደቡብ የአገራችን ክፍል የበልጉ ዝናብ ቀርቶ፣ ኋላ ዘንቦ ምድሩ ሲለመልም፣ ሕፃናት በምግብ እጦት ይጎዱ ነበር። ያን ጊዜ «አረንጓዴ ረሃብ» የሚል ስም ወጣለት። በዚያ መንገድ በመኪና ያለፈ ሰው ምን ያያል? ልምላሜ ያያል። ነገ ከእኛ መካከል ሪፖርት ጸሐፊ፣ አስተማሪ፣ የወረዳ ሹም የሚሆን አለ፤ «አካባቢው ለምለም ነው» ብሎ የሚጽፍ እጅ ከወዲሁ የሚለማመደው በእንዲህ ያለው ጉዞ ላይ ነው።

ታዲያ ዓይናችንን እንጨፍን? ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ስለ ውበት የሚፈርድ ሰው ከነገሩ ጥቅም የማይፈልግ መሆን አለበት ይላል፤ የተራበ ሰው ምግብን ስለ መውደዱ የጣዕም ዳኛ አይሆንም፣ ዳኝነት ከጥጋብ በኋላ ነው ማለቱም ነው። በዚህ ስሌት ጣርማ በር ላይ ውበትን ያየነው እኛ ብቻ ነን፤ የማሳው ባለቤት ግን ሆዱ ዓይኑን ጋርዶታል! ይህን መቀበል ያስቸግረናል። ቼርኒሼቭስኪ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1855 ውበት ሕይወት ነው፣ ገበሬና ባላባት አንድ ዓይነት ውበት አያዩም ብሎ ተከራክሯል። እርሱ ይሻላል፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ከሽማግሌው ጋር አላወራም።

ሽማግሌው ከዋሻው ወዲህ፣ ማሳቸው ዳር በርኖስ ለብሰው ያገኘናቸው አባት ናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ከእኛ አንዱ «አባባ፣ ገብስዎ እንዴት ያምራል!» አላቸው። እርሳቸውም ማሳውን ዞር ብለው አዩና «ያምራል ልጆቼ። ብቻ ፍጻሜውን ያሳምርልን» አሉን።

እንግዲህ ልብ በሉ። አልተቆጡም፤ «ምን ያምራል፣ ርቦኛል» አላሉም። ውበቱን ከእኛ በፊት አይተውታል፤ በየማለዳው የሚያዩት ናቸው። ካንት እንዳለው ሆዳቸው አልጋረዳቸውም፤ የገጠር ልጆች ጓደኞቻችን እንደሚሉትም ልምላሜ ለገበሬ ዓይን ባዶ አይደለም። የጨመሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፣ እርሱም ፍጻሜ ነው። በመስከረም በረዶ አለ፣ በጥቅምት ውርጭ አለ። እኛ እንዳለቀ ስዕል ያየነውን ማሳ እርሳቸው ገና በመካከል ላይ እንዳለ ነገር ያዩታል። በእኛ ግምት ነውሩ፣ ካለ፣ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ማየታችን አይደለም፣ ያላለቀውን እንዳለቀ ቆጥረን፣ ፎቶግራፉን አንሥተን፣ በሩን ዘግተን መሄዳችን ነው።

ለዚህም ነው ቅርብ ቦታን የምንመርጠው። የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ወደ አንኮበር ሲመጣ የደጋው ልምላሜ ቢያስደንቀው አይፈረድበትም። ስለ ጉዞው ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ አገሩ ሩቅ ነውና ያ ማሳ ምን እንደ ሆነ ተመልሶ ማየት አይጠበቅበትም። ሩቅ ቦታ አንድ ጊዜ ይታያል። አርባ ምንጭም ለእኛ ኪስ እንደዚያው ነው። ጣርማ በር ግን አጠገባችን ነው፤ መመለስ ይቻላል፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ መቅረት ምክንያት ያስፈልገዋል። መመለሳችን ለሽማግሌው ጎተራ አንድ ቁና እንደማይጨምር እናውቃለን፤ ይህን በጎ ሥራ ብለን ልንሸጥላችሁ አንፈልግም። «ያምራል» ያልነው ቃል ግን የምንናገረውን አውቀን የተናገርነው እንዲሆን ሌላ መንገድ አላገኘንም።

ስለዚህ ለሚመጣው ክረምት ያቀረብነው ሐሳብ አንድ ጉዞ አይደለም፣ ሁለት ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ አንደኛው በቡሄ ሰሞን፣ ሁለተኛው በኅዳር መጨረሻ ወደዚያው ማሳ። የሁለቱን ትራንስፖርት አብሮ ያላዋጣ አይመዘገብም፤ ግማሹን ብቻ መክፈል አይቻልም። ገብሱን በረዶ ቢመታውም ጉዞው አይሰረዝም። አውቶቡሱ ከመነኸሪያ የሚነሣው በማለዳ ነው፤ ጋቢ ያልያዘ ሰው ከሌላው ጋቢ ሥር ለመግባት ከወዲሁ ይስማማ።