የእናት ስም ሲከብድ

ልጄ፣ በታወቀች እናት ቤት ያደግሽው፣ «ሙያዋን ተረከቢ» ሲሉሽ ልብሽ እምቢ የሚልሽ፣ ዛሬ የማዋይሽ አንቺን ነው። በሄድሽበት ሁሉ «የእገሊት ልጅ» ይሉሻል። ብትሠሪ በእናቷ ስም ነው፣ ብትተዪው የእናቷን ቤት ዘጋች ነው ወሬው። አውቀዋለሁ። እኔም የታወቀች ጥልፍ ጠላፊ ልጅ ነኝ።

አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ስትሄጂ ከፊት ለፊት፣ አርበኞች ባረፉበት፣ የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር አለ። የሲልቪያ ፓንክረስት ነው። እኛ የምናውቃት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ በመጮኋ ነው፤ በአገሯ ግን አስቀድማ የታወቀችው የኤመሊን ፓንክረስት ልጅ ተብላ ነበር።

ኤመሊን እንግሊዝ ውስጥ ሴት በፓርላማ ምርጫ ድምፅ በማትሰጥበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ ማንችስተር በሚገኘው ቤቷ ሴቶችን ሰብስባ ማኅበር ያቋቋመች ናት። ሰልፍ መራች፣ ደጋግማ ታሰረች፣ ስሟ ባሕር ተሻገረ። ሲልቪያ ደግሞ ለንደን ሥዕል የተማረች ልጅ ነበረች። ብሩሿን ለእናቷ ትግል ሰጠች። የሰልፉን ዓርማዎች ነደፈች፤ ከእስር ለሚወጡ ሴቶች ደረታቸው ላይ የሚደረገውን ጌጥም የሣለችው እሷ ናት። ራሷም ታስራ ምግብ አልበላም ስትል በቱቦ በግድ መግበዋታል። ይህን የምነግርሽ አመፀኛዋ ልጅ ከሥራ የሸሸች እንዳይመስልሽ ነው።

የተጣሉት ሥራው ለማን ነው በሚለው ላይ ነው። ሲልቪያ ወደ ምሥራቅ ለንደን ወርዳ ከፋብሪካ ሠራተኞችና ከድሃ እናቶች ጋር መኖር ጀመረች። እናቷና ታላቅ እኅቷ ክሪስታቤል ግን ትግሉ አቅምና ስም ያላቸውን ሴቶች ይዞ ቢጓዝ ይሻላል ባዮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1914 መጀመሪያ ፓሪስ ድረስ አስጠሯትና፣ እናቷ በተቀመጠችበት፣ ከማኅበሩ ተለዪ ተባለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንዲሉ፣ ታናሿ አዴላም በዚያው ዓመት ትኬት ተቆርጦላት ወደ አውስትራሊያ ተሸኘች። ከወራት በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እናት ከመንግሥት ጎን ቆመች፣ ሲልቪያ ጦርነቱን አወገዘች። እ.ኤ.አ. በ1916 ኤመሊን ከአሜሪካ በላከችው ቴሌግራም የልጇን ሥራ በአደባባይ ነቀፈች፤ ስሜን እንዳትጠቀም ልከለክላት አለመቻሌ ያሳዝነኛል አለች። አንብቤው ብዙ ቀን ከልቤ አልወጣም። አንዲት እናት ለልጇ ከዚህ የከፋ ምን ትላለች?

ልጅቷ ግን ስሙንም ሥራውንም አልጣለችም። በጦርነቱ ወቅት በዚያው በምሥራቅ ለንደን አንድ የተዘጋ መጠጥ ቤት ይዛ የሕፃናት ማቆያና ክሊኒክ አደረገችው። መጠጥ ቤቱ በጠመንጃ ሠሪዎች ስም ይጠራ ነበር፤ እሷ «የእናቶች ክንድ» ብላ ሰየመችው። እናቷ ከማኅበሩ ከገፋቻት ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም። እስቲ ይህን አስቢው።

እንግዲህ ምክሬ እዚህ ላይ ነው፤ የእናትሽን እጅ ውረሺ፣ ሐሳቧን ግን መርምሪው። ሲልቪያ ከእናቷ ቤት የወሰደችው ጋዜጣ ማተምን፣ አደባባይ ላይ መናገርን፣ ሹማምንትን በደብዳቤ መወትወትን ነበር። ይህ እጅ ነው በኋላ ለእኛ የደረሰው። ፋሺስቶች አዲስ አበባ በገቡበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ጀመረች፤ ሃያ ዓመት አሳተመችው። ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ማሠሪያ ገንዘብ ለመነች። ኋላም ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች፤ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ እዚሁ አረፈች። ለፍትሐቷ የወጣላት ስም ወለተ ክርስቶስ ነው።

በአንድ ነገር ግን፣ ከእናቷ ሳትታረቅ በመቅረቷ፣ እሷን እንድትመስዪ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1927 መጨረሻ ሳታገባ ልጅ ወለደች፤ ኋላ ታላቅ የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪ የሆነው ሪቻርድ ነው። ኤመሊን ከዚያ ወዲያ ልጇን ለማየት አልፈቀደችም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1928 ሞተች። ሴቶች ከወንዶች እኩል ድምፅ እንዲሰጡ የሚያደርገው ሕግ የጸደቀው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ የዕድሜ ልክ ድካሟን ሙሉ ፍሬ ሳታይ፣ የልጇን ልጅም ሳትስም ሄደች። ሲልቪያ በኋላ የእናቷን የሕይወት ታሪክ ጽፋለች። መጽሐፍ ግን እግር ስሞ ይቅር መባባልን አይተካም። ማን እንደበደለ አልዳኝም። አንቺ ግን አትጠብቂ፤ አስቀድመሽ ሂጂ። «እሷ ናት የገፋችኝ» ብትዪም ሂጂ።

እኔ የእናቴን ጥለት ትቼ በራሴ ንድፍ፣ ያውም በመኪና፣ መጥለፍ ስጀምር ሁለት ዓመት ደጄን አልረገጠችም። እኔም እልኸኛ ነበርኩ። አንድ የፋሲካ ሰሞን ግን የሠራሁትን ቀሚስ በነጠላ ጠቅልዬ ሄድኩ። ቡና እያፈላች ነበር፤ ተነሥታ አልሳመችኝም። ቀሚሱን ተቀበለችኝ፣ ፊቱን ሳታይ ገልብጣ ጀርባውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ክሩን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችና፣ «እዚህ ጋ ላልቷል» አለች። ቀጥላም መነጽሯን እየፈለገች፣ «በይ መርፌ አቀብዪኝ» አለችኝ።