ሞተ የተባለው ስካነር

በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተሠራ ስካነር ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ መብራቱ ይበራል፤ ከመስታወቱ ሥር ያለው አንባቢ እየተንቋቋ ትንሽ ተጉዞ ወደ ቦታው ይመለሳል። በኮምፒውተሩ በኩል ግን ዲቫይስ ማናጀር ሲከፈት ቃለ አጋኖ ያለበት ቢጫ ሦስት ማዕዘን ይታያል፤ ድራይቨር የለም ማለት ነው። ባለቤቱ «ሞቷል» ብሎ ዕቃ ቤት ይጥለዋል። ለመሆኑ የሞተው ምኑ ነው?

አርስቶትል ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ ዓይንን ምሳሌ ያደርጋል። ዓይን ራሱን የቻለ እንስሳ ቢሆን ኖሮ ነፍሱ ማየት በሆነ ነበር፤ የማያይ ዓይን ከድንጋይ እንደተጠረበ ዓይን ስሙ ብቻ ነው የቀረው። በዚህ ሚዛን የማያነብ ስካነር ፕላስቲክና መስታወት ነው። ምሳሌው ግን ስካነሩ ላይ በልኩ አይገባም። የታወረ ዓይን ጉድለቱ ከራሱ ውስጥ ነው፤ ስካነሩ ምንም አልጎደለበትም። እንዲያውም በዩኤስቢ እንደተሰካ የአምራቹንና የምርቱን መለያ ቁጥር ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ስሙን እየተናገረ የሚያውቀው ያጣ እንግዳ ነው።

ጉድለቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ድራይቨር አስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚው ደግሞ የሚያውቀው የቀድሞውን ጌታ ቋንቋ ብቻ ነው። ለባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጻፈ ድራይቨር በባለ 64 ቢቱ ላይ አይሠራም፤ ከቪስታ ወዲህ ደግሞ ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ ዲጂታል ፊርማ የሌለውን የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ድራይቨር አላስገባም ይላል። አምራቹ አዲስ ካልጻፈ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ያው ስካነር ሴን የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የሚያውቀው ዓይነት ከሆነ ግን፣ ሊኑክስ ከተጫነበት ኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ወረቀቱን ያነባል። አንድ ብሎን እንኳ አልተፈታለትም። የእውነት ሞት ጠረጴዛ በመቀየር አይድንም።

ሁለተኛው ዓይነት እምቢታ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ከዝርዝሩ ውጭ ከቀሩት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ግን የመጫኛው ፍተሻ ሲታለፍ አዲሱን ሲስተም ያስነሳሉ። የመስፈርቱ ምክንያት ደኅንነት ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ቢሆንም እንዲህ ያለውን ማሽን «አይችልም» ማለት ስህተት ነው፤ አልተፈቀደለትም። አለመቻል የዕቃው ጠባይ ነው፤ ክልከላ ግን ባለቤት ያለው ውሳኔ ነው፤ ባለቤቱም ስለ ውሳኔው መጠየቅ አለበት።

ታዲያ አምራች ለሠራው ዕቃ ለዘላለም ባለዕዳ ነው? የሊኑክስ ታሪክ እንዲህ ለማለት አያስደፍርም። ፈጣሪው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራውን የጀመረው የኢንቴል 386 ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የከርነሉ 3.8 እትም ግን የ386ን ድጋፍ አስወገደ፤ የተወለደበትን ቤት ጥሎ ወጣ ማለት ነው። ለዚህ ውሳኔ ንግድ አልገፋፋውም። ለአሮጌው ፕሮሰሰር ሲባል የተያዘው ኮድ አዲሱን ሥራ ሁሉ ያወሳስብ ነበር፤ ያንን ሸክም የሚሸከመው ደግሞ ሰው ነው። ማለቂያ የሌለው ግዴታ በማንም ላይ አይጣልም።

ሊጠየቅ የሚገባው ከዚህ ያነሰ ነው። ቤቱን ትቶ መሄድና ቁልፉን ይዞ መሄድ አንድ አይደሉም። ድጋፉን ያቆመ አምራች የዕቃውን ቋንቋ፣ ማለትም የድራይቨሩን ኮድ ወይም ቴክኒካዊ መግለጫውን ቢተው፣ ሌላ አስተርጓሚ ሊነሣ ይችላል። ብዙ ድርጅቶች ይህንን አያደርጉም። 386ን የሚያውቀው የሊኑክስ 3.7 እትም ግን ከነሙሉ ኮዱ ዛሬም በነጻ ይወርዳል።