ስለ ስብሰባና ስለ ሰው ጊዜ

በጭሮ ከተማ፥ እኛ ሽማግሎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ በምንላት፥ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በቅርቡ «ጋሼ፥ የሚያደክመኝ ሥራው አይደለም፤ ስብሰባው ነው» አለኝ። ሳቅሁ፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን አፈርሁ። ምክንያቱን ኋላ እናገራለሁ።

ልጆቼ፥ ስብሰባ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ የምዕራብ ሐረርጌ ሰው ይህን ሊስት አይገባውም። በዚሁ አገር ያለው ኦዳ ቡልቱም የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ በገዳ ሥርዐት እየተሰበሰቡ ሕግ የሚደነግጉበት ስፍራ ነው። ወደዚያ ከሩቅ በእግሩ የመጣ ሰው ሲመለስ የሚጸና ሕግ ይዞ ይመለሳል። መንገድ ያደከመው ሰው ተኝቶ ይነሣል፤ ቃሉ ያልተቆጠረለትን ሰው ግን እንቅልፍ አያሳርፈውም።

የእኛ ዘመን ስብሰባ ሌላ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበርና የከተማ ቀበሌ በዐዋጅ ከተቋቋሙ ወዲህ የቀረ ይጠየቃል፤ የመጣ አጨብጭቦ ይሄዳል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ግምገማ መጣ። በብዙው ውሳኔው አስቀድሞ ተቆርጦ የመጣ ነበር። «ሐሳብህን ስጥ» ብሎ ሐሳቡን አለመፈለግ ሐሰት ነው፤ ያላመነበትን እጁን አንሥቶ የሚያጸድቅም የሐሰቱ ተካፋይ ይሆናል። ድካሙ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል እንጂ ከወንበሩ አይደለም፤ የትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ለሽማግሌ ወገብ ባይስማማም።

የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። 30 ሰዎች 2 ሰዓት ቢቀመጡ 60 ሰዓት ነው፤ ይህም ከአንድ ሰው የሳምንት ሥራ ይበልጣል። ያሳደገኝ የሚስዮን ትምህርት ቤት ደወል ዘግይቶ የመጣውን ያስቀጣ ነበር፤ ዘግይቶ ለሚለቅቅ ግን ቅጣት አልነበረውም።

አሁን ወደ እፍረቴ ልመለስ። በአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ሳለሁ፥ በኅዳር ወር የከሰዓቱ ፈረቃ ካለቀ በኋላ መምህራኑን ሰብስቤ ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ከራስጌው እስከ ግርጌው አነበብሁላቸው። ከመካከላቸው የሚጠባ ልጅዋን ቤት ትታ የመጣች መምህርት ነበረች። ስንወጣ ጨልሞ ነበር። «ጋሼ፥ ማንበብ እኮ እንችላለን» አለችኝ፤ በቁጣ አልነበረም፤ ድምፅዋ ዝሎ ነበር እንጂ። መልስ አጣሁ። ያነበብሁት እነርሱ እንዲያውቁ ሳይሆን፥ «ተነቧል» ብዬ በቃለ ጉባኤ ላይ ለማስፈር ነበርና።

በዚያው ወር ማሽላ ሲታጨድና ጫት ሲለቀም ተማሪዎች እየቀሩ ስላስቸገሩን ሌላ ስብሰባ አደረግን። ከፊተኛው ይልቅ ረዘመ፤ ሰዓቱን ያየ ግን አልነበረም። የልጆቹን ቤት አንድ በአንድ የምታውቀው ያችው መምህርት ነበረችና ብዙውን የተናገረችው እርስዋ ናት። ቅዳሜ ጧት ማካካሻ ትምህርት እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበች፤ ስንስማማም ስሟን በመጀመሪያ ያስመዘገበችው እርስዋ ሆነች። ያ የዛለ ድምፅ ከወዴት ይህን ኀይል እንዳገኘ እያሰብሁ ብዙ ቀን ቈየሁ።

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ሲመጣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፍ ጀመር። ሦስት መምህራን ሳያነቡ ቀሩ፤ በእነርሱ ምክንያት ሁሉንም ዳግመኛ ልሰበስብ ተነሥቼ ነበር፤ ልማድ ቶሎ አይለቅም። በኋላ ሦስቱን ለብቻ ጠርቼ በ5 ደቂቃ ነገርኋቸውና ሁላችንም በጊዜ ወደየቤታችን ሄድን።