የጦጣዋ ገመድና የአንበሳ ግቢው

 

የዛሬው ጽሑፍ ከአንድ ልጅ ጥያቄ የመጣ ነው። እዚህ ማንቡክ እኔ ዘንድ ቁርኣን ከሚቀሩት ልጆች አንዱ፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጦጣ አለችው። ታላቅ ወንድሙ ክረምት ላይ በቆሎ ሲጠብቅ እናቷን በድንጋይ መትቶ ገደላት፤ ግልገሏ ከሬሳው ላይ ተጣብቃ ቀረች። ይዟት መጣ። አሁን ወገቧ ላይ ገመድ ታስሮ ደጃቸው ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ትውላለች። የሰፈሩ ልጅ ለውዝ ይወረውርላታል፤ አንዳንዱም ጠጠር።

አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ አየሁና "ይህ ልክ አይደለም፣ ፍታት" አልኩት። አቀርቅሮ ሰማኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ኡስታዝ፣ አዲስ አበባ አንበሳ ተዘግቶበት ሰው በቲኬት እየገባ ያየው የለ? ያ ሐላል ሆኖ የኔ ጦጣ ለምን ሐራም ትሆናለች?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። "ቆይ፣ አስቤበት እነግርሃለሁ" ብዬ ሄድኩ። ኡስታዝ የተባለ ሰው ሁሉን ያውቃል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ እንዲህ ነው የሆነው።

ደግሞ በቲኬት ከገቡት አንዱ እኔ ራሴ ነኝ። ስድስት ኪሎ ስማር የአንበሳ ግቢው ከዩኒቨርሲቲው ደጅ ብዙም አይርቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ገባን። አንበሳው ተኝቷል። ለፎቶ እንዲነሳልን ጮኽንበት፣ አጨበጨብን፣ አንዳችን ብረቱን በቁልፍ ቀጨቀጨ። በመጨረሻ ተነሳ። ፎቶውን አነሳን፣ ስቀን ወጣን። ያን ፎቶ ለረጅም ጊዜ ስልኬ ላይ አስቀምጬው ነበር። የሰፈሩን ልጅ ስለ ጠጠሩ ልቆጣው ስል ትዝ ያለኝ ያ ቁልፍ ነው።

ከሐላልና ሐራሙ እንጀምር፤ ልጁ የጠየቀው እሱን ነውና።

ከኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ተላልፎ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የድመቷን ሐዲስ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንዲት ሴት ድመት ዘግታባት እስክትሞት አቆየቻት፤ በዚህም ሰበብ እሳት ገባች። በየኹጥባው ስንሰማው "ለእንስሳ እዘኑ" ተብሎ ይታለፋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጥፋቷን ሲገልጹ ግን ሁለት ነገር ነው ያነሱት። ስትዘጋባት አላበላቻትም፣ አላጠጣቻትም። ከምድር ተንቀሳቃሽ ነፍሳት ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ሴትየዋ ሁለት በር ነበራት ማለት ነው፤ ወይ መመገብ፣ ወይ መልቀቅ። ሁለቱንም ዘጋቻቸው። ዑለማዎች ከዚህ የወሰዱት አንድ ነገር አለ፤ እየመገበች ብታኖራት ኖሮ መያዟ ብቻውን ለዚያ ቅጣት አያበቃትም ነበር።

የአቡ ዑመይር ሐዲስም ወደዚሁ ይመራናል። የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም የሆነው ይህ ሕፃን የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ወፏ ሞተችበትና አዘነ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፏ እየጠየቁ፣ እያጫወቱ አጽናኑት፤ "ለምን ያዝካት?" አላሉትም። ኢብኑል ቃስ የተባሉ የሻፊዒ መዝሀብ ፈቂህ ከዚህች አጭር ታሪክ ብቻ 60 ያህል ትምህርት አውጥተዋል። ከነዚህ አንዱ ወፍን በቤት ማቆየት መፈቀዱ ነው። እና ለልጁ "ሐራም ነው" ብዬ ብቆርጥለት ኖሮ ዲኑ ያላለውን ማለቴ ነበር። አልሐምዱሊላህ ዝም አልኩ።

ግን የተፈቀደ ሁሉ ቀላል አይደለም። በሱረቱ ሁድ እንደተነገረን በምድር ላይ ያለች ተንቀሳቃሽ ሁሉ ሪዝቋ በአላህ ላይ ነው። ጦጣዋን ከማሰርህ በፊትም፣ ካሰርክም በኋላ፣ ሪዝቋ በእርሱ ላይ ነው። ልዩነቱ፣ ፍሬውን የምታገኝበትን ዛፍ፣ ውሃውን የምትጠጣበትን ወንዝ፣ ቅማሏን የሚለቅሙላትን ዘመዶቿን ዘግተህባት፣ በዚያ ሁሉ ቦታ ራስህን ተክተሃል። ከእንግዲህ ለእሷ ወንዙ አንተ ነህ።

በ660 ሂጅራ ያረፉት ታላቁ ዓሊም ዒዝ ኢብኑ ዐብዱሰላም፣ ቀዋዒዱል አሕካም በተባለው ኪታባቸው እንስሳ በባለቤቱ ላይ ያለውን ሐቅ ዘርዝረዋል። ካነበብኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰሞኑን እንደገና ከፈትኩት። ቢያረጅም፣ ቢታመምም፣ ምንም ጥቅም ባይሰጥም መመገብ። ከአቅሙ በላይ አለማሸከም። ከሚወጋው፣ ከሚጎዳው እንስሳ ጋር በአንድ ላይ አለመዝጋት። ማደሪያውን ማመቻቸት። በወራቱ ወንዱንና ሴቷን ማገናኘት። ልጆቻቸውን በዓይናቸው ፊት አለማረድ። ይህ የተጻፈው ዛሬ ስለ እንስሳት መብት የሚከራከሩት ማኅበራት ከመመሥረታቸው መቶ ዓመታት ቀድሞ ነው። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም። ጽፈን አስቀምጠን ስንቱን እንደፈጸምን ስናየው የሚያኮራም አይደለም።

አሁን ይህን ዝርዝር ይዘን ወደ ስድስት ኪሎ እንሂድ።

ግቢው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1948 እ.ኤ.አ. ነው የተቋቋመው። የመጀመሪያዎቹ አንበሶች ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ 5 ወንድና 2 ሴት ነበሩ ይባላል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የተመራማሪዎች ጥናት ከ15 የግቢው አንበሶች የተወሰደ ናሙና መርምሮ፣ ዘረ መላቸው ከሌላው የአፍሪካ አንበሳ የተለየ መሆኑን አሳየ። ጎፈራቸው ጠቁሮ እስከ ደረትና ሆዳቸው ይወርዳል። ከ60 ዓመት በላይ ሲጠበቅ የኖረው ነገር ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይተካ ነበር ማለት ነው።

ይህ ከመታወቁ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ በኅዳር 2006 እ.ኤ.አ.፣ ሌላ ዜና ዓለምን ዞሮ ነበር። ግቢው የሚወለዱትን ደቦሎች የሚያኖርበት ቦታና ገንዘብ ስላጣ፣ በመርዝ እየተገደሉ፣ ገላቸውን አድርቀው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ይሸጡ እንደነበር የግቢው ኃላፊ ራሳቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ዜናውን ያነበብኩት ዘግይቼ፣ ከዚያ ፎቶ በኋላ ነው። ፊት ለፊት የተናገሩትን ሰው መውቀስ ይቀላል። ሆዱ የማይሞላ በጀት ይዞ አንበሳ መቀለብ ምን እንደሆነ ግን አናውቅም። ከፍለን የገባነው ሁላችን የምንፈልገው የሚያገሳውን ትልቁን ነበር፤ ደቦሉ ሲበዛ የት እንደሚሄድ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። በዒዝ ኢብኑ ዐብዱሰላም ዝርዝር ላይ ስለ ልጆቻቸው የተጻፈውን ሳነብ እዚያ መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ አንድ እንስሳ ነው፤ ስለ አንዲት ድመት፣ ስለ አንድ አንበሳ። ቁርኣኑ ግን ከዚያ ያለፈ ነገር ይነግረናል። በሱረቱል አንዓም 38ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) በምድር የሚሄደው እንስሳና በሁለት ክንፉ የሚበረው ወፍ ልክ እንደኛ ኡመቶች መሆናቸውን አስታውቆናል። ቃሉን ልብ በሉት። ኡማ ማለት አንድ ግለሰብ አይደለም። ኡማ አገር አለው፣ መንገድ አለው፣ እናት ለልጇ የምታስተምረው ነገር አለው። ጦጣ ንስር ስታይ የምታሰማው ጩኸትና እባብ ስታይ የምታሰማው ጩኸት ይለያያል፤ ይህን በኬንያ አምቦሴሊ ያጠኑ ሰዎች ቀድተው አረጋግጠዋል። የማንጎው ሥር ያለችው ግልገል ያን ቋንቋ ከማን ትማረዋለች? እኛ የመተከል ሰዎች ከቀዬ መነቀል ምን እንደሆነ ለመረዳት ኪታብ መግለጥ አያስፈልገንም።

የዓለም ትልልቅ ከተሞች መካነ እንስሳቶቻቸውን በዝርያ ብዛት ያወዳድራሉ። በ1844 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የበርሊኑ ከ1,000 በላይ ዝርያ በመያዝ ይታወቃል። ሱብሐነላህ ያሰኛል፤ የአላህን ፍጥረት ዓይነት በአንድ ከሰዓት ማየት ቀላል ነገር አይደለም፤ በሕይወቱ ዝሆን አይቶ ለማያውቅ የከተማ ልጅ ደግሞ ትልቅ ትምህርት ነው። ይህን አልክድም። ግን 1,000 ዝርያ መያዝና 1,000 ኡማ መያዝ አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ሰማይ ላይ በቢሊዮን ይቆጠር የነበረ የርግብ ዓይነት ነበር። ሰዎች አድነው ጨረሱት። የመጨረሻዋ በሲንሲናቲ ከተማ መካነ እንስሳት በመስከረም 1914 እ.ኤ.አ. ሞተች። ተመግባለች፣ ውሃ ጠጥታለች፣ ተጠብቃለች፤ የዚያች ሴት ጥፋት በጠባቂዎቿ ላይ የለም። ግን አንዲት ርግብ ብቻዋን ምን ዓይነት ኡማ ናት?

በሌላ በኩል ሳላን ተመልከቱ፤ የኛን የአዋሹን ሳይሆን ነጩን የዐረቢያ ሳላ። በበረሃው በመኪናና በጠመንጃ ሲታደን ኖሮ በ1972 እ.ኤ.አ. ከዱር ጠፋ። ከዚያ በፊት በ1962 ጥቂቶቹ ተይዘው ከሌሎች ጋር አሜሪካ ፊኒክስ ከተማ ባለው መካነ እንስሳት እንዲራቡ ተደርጎ ነበር። በ1982 የልጅ ልጆቻቸው ኦማን በረሃ ላይ ተለቀቁ። በኋላ ኦማን ላይ እንደገና አዳኝ ቢደርስባቸውም፣ ዛሬ በዐረቢያ ምድር የሚሄድ ሳላ አለ፤ ያም በአጥር ውስጥ ባለፉት ዓመታት ሰበብ ነው። ይህን ሳስብ ኑሕ (ዐ.ሰ) ይመጡብኛል። ከየዓይነቱ ጥንድ ጥንድ አሳፍረው ዘጉ፤ መርከቧም ጠባብ እንደነበረች ጥርጥር የለውም። ግን መርከቧ ጁዲይ ላይ ስትቆም የገባው ሁሉ ወጣ። የተዘጋው እንዲወጣ ነበር።

ስለዚህ እኔ በግሌ የደረስኩበት ይህ ነው፤ የሚቃወመኝ ካለ በደስታ እሰማለሁ። እንስሳን ለመታየት ብቻ ዕድሜ ልክ መዝጋት፣ ቢመገብም እንኳ፣ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ፣ ልብን የሚከብድ አማና ነው፤ ብዙዎቻችን አንችለውም። ኡማውን ለማትረፍ መዝጋት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የኑሕን መንገድ ይመስላል። ይህ መለኪያ ለአንበሳ ግቢውም፣ ለማንጎው ሥርም አንድ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከማንቡክ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከጉባ ባሻገር አላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በዚያ ካሜራ አጥምደው አንበሳ አነሱ፤ ዓለምም "ያልታወቀ የአንበሳ መኖሪያ ተገኘ" ብሎ ዘገበ። ፍየሉን ከአውሬ ሲጠብቅ ለሚያድር ሰው "ያልታወቀ" የሚለው ቃል ሳያስቀው አልቀረም። እነዚያን አንበሶች ቲኬት ቆርጦ የሚያያቸው የለም። ዓይናችን አላያቸውም ብለን ሐቃቸውን እንዳንረሳ፤ ሐቃቸው ጫካው አለመቃጠሉና መርዝ በሥጋ ተለውሶ አለመቀመጡ ነው። ፍየል የተበላበት ሰው ደግሞ ሐቅ አለው፤ ይህን ዘልዬ ብጽፍ በሱ ላይ ግፍ ነው።

ባለፈው ሰኞ ልጁን አስቀምጬ ይህን ሁሉ፣ አጠር አድርጌ፣ ነገርኩት። የድመቷን ሁለት በር ነገርኩት። "ሐራም አላልኩህም፤ ግን እስክታረጅ፣ ስትታመምም፣ ጓደኞችህ ሲሰለቿትም አንተ ነህ ተጠያቂዋ። ትችላለህ?" አልኩት። ዝም አለ። ስለ አንበሳውና ስለ ቁልፉም ነገርኩት፤ እሱ ላይ ሳቀብኝ።

ረቡዕ ሳልፍ ገመዱ ማንጎው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባዶውን። ጦጣዋ ግን እዚያው ዛፍ ላይ ናት። ፈትቷታል፣ አልሄደችም። ከመንጋው ጋር ትቀላቀል እንደሆነ ብሎ ወንዝ ዳር ድረስ ወስዷት ነበር፤ ከትከሻው አልወርድም ብላ አብራው ተመለሰች። ጠዋት ጠዋት ለውዝ ያስቀምጥላታል።

"ኡስታዝ" አለኝ፣ "አድጋ የሰው በቆሎ ብትበላና እንደ እናቷ ቢገድሏትስ? ይሄ በማን ላይ ይጻፋል?"

ይህን ገና እያሰብኩበት ነው።