የጎደለውን ማየት

ልጄ፣ ስልክሽ ላይ ባለው ጨዋታ በ«ነ» መደዳ መሃል የተሸጎጠችውን አንዲት «ኘ» ከጓደኞችሽ ሁሉ ቀድመሽ እንደምታገኚ ሰማሁ። ጎሽ! አሁን በአራሚነት ልትቀጠሪ ነውና፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ጥቂት ልንገርሽ።

እስቲ ጨዋታውን ገልብጪው። ገጹን በሙሉ በ«ኘ» ሙዪና አንዲት «ነ» ደብቂበት። ያን ጊዜ ዓይንሽ ይዳክራል። አን ትሬዝማን የምትባል የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረባዋ ጋር በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ በባዶ ክቦች መሃል ጭረት ያለባት ክብ ወዲያው ትታያለች፣ ጭረት ካላቸው ክቦች መሃል ባዶዋን ለማግኘት ግን አንድ በአንድ መልቀም ይጠይቃል። የተጨመረ ነገር ራሱ ይጣራል። የጎደለውን ግን አንቺ ነሽ የምትጠሪው።

በ1631 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሮበርት ባርከርና ማርቲን ሉካስ የተባሉ የንጉሡ አታሚዎች መጽሐፍ ቅዱስ ሲያትሙ፣ «አታመንዝር» ከሚለው ትእዛዝ አፍራሿ ቃል ወድቃ ቀረችና «አመንዝር» ሆኖ ወጣ። 300 ፓውንድ ተቀጡ፤ የማተም ፈቃዳቸውንም ተነጠቁ። ትእዛዙን የማያውቅ አንባቢ በዚያ አገር አልነበረም፤ ጣጣውም ከዚያ ይመስለኛል፤ በቃሉ የሚያውቀውን ነገር ማን ፊደል እየቆጠረ ያነበዋል? የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። እነሱ እንኳ አንድ ሙሉ ቃል ነው የጣሉት። እኛ ዘንድ አንዲት ፊደል ትበቃለች፤ ከ«አታመንዝር» ላይ «አ» ብትወድቅ «ታመንዝር» ይሆንና ለሴቱ ወገን ፈቃድ የሰጠን እንመስላለን።

የኔታዎች ይህን የዓይን ስንፍና አሳምረው ያውቁታል። ልጅ «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ ሲወርድ አፉ ብቻውን ይሄዳል፤ ዓይኑ ውጭ ከሚያልፈው መንገደኛ ጋር ነው። ስለዚህ ሀሁን እንደጨረሰ አቡጊዳ ይመጣበታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ፦ ተራው ይዘበራረቃል፣ ቤቱም በየፊደሉ ይቀየራል። የለመደው ዜማ አያድነውም፤ በስንደዶው እየጠቆመ እያንዳንዷን ፊደል ማየት ግድ ይሆንበታል። እኔ ከዚህ የተሻለ የአራሚ ትምህርት አላውቅም።

አንቺም ገጽሽን አቡጊዳ አድርጊው። ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምረሽ ወደ ላይ አንብቢ፤ ታሪኩ ስለሚቆረጥብሽ ፊደሉ ብቻ ይቀርሻል። የምታነቢውን መስመር ትተሽ የታችኛውን በማስመሪያ ሸፍኚ። በኮምፒውተር ያየሽውን በወረቀት አውጪ፣ ደግሞም ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ። ቁጥሮችን ለብቻቸው ተመልሰሽ እዪ፤ የግዕዞቹ ፮ እና ፯ ሰው ያጣላሉ፣ በአሃዝና በፊደል የተጻፈ ገንዘብም ሁለቱ መስማማታቸውን ሳታይ አትለፊው። በ«ሀ»ና በ«ሐ» የሚጨቃጨቁ ሰዎች ያጋጥሙሻል፤ ተያቸው። መሥሪያ ቤትሽ የመረጠውን አጻጻፍ ይዘሽ ከዳር እስከ ዳር አንድ አድርጊው፣ በቃ።

ጨዋታው አንድ ክፉ ልማድ እንዳያሲዝሽ ግን እፈራለሁ። እሱ አስቀድሞ «አንዲት ተደብቃለች» ይልሻል፤ ስታገኚያትም ያጨበጭብልሽና ያልቃል። የምታርሚው ወረቀት እንዲህ አይልሽም። ጸሐፊው ሦስቴ አይቼዋለሁ ይላል፣ አለቃው ንጹሕ ነው ይላል፣ አንቺም ለማመን ትፈተኛለሽ። አንድ ስሕተት ስታገኚ ደግሞ ልብሽ ደስ ይለውና የሚቀጥሉትን ሁለት መስመሮች በዚያው ደስታ ትዘያቸዋለሽ። አንዱን ካረምሽ በኋላ አንቀጹን ከራሱ ጀምሪው። የማተሚያ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል ብለው ያዋክቡሻል፤ የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል፣ አንቺ በልክሽ ሂጂ።

የራስሽን ጽሑፍ ራስሽ አርመሽ አትስጪ። ለማለት የፈለግሽውን ስለምታውቂ የጻፍሽውን አታዪውም፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። የሌላውን ስሕተት ስታገኚም ሰው ፊት አታንሺው፤ ጸሐፊውን ለብቻው ጠርተሽ በእርሳስ ያከበብሽበትን አሳዪው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዳትባዪ፣ የእርማት ማስታወሻሽም ቢሆን ፊደል አይጉደለው።

ሽፋኑን ደግሞ መጨረሻ ላይ እዪልኝ። ርእሱ በትልልቅ ፊደል ስለሚጻፍ ሁሉም ይታያል ብሎ ያልፈዋል፤ የደራሲው ስምም እንዲሁ። ለማተሚያው «ይለፍ» ብለሽ ከመፈረምሽ በፊት ሁለቱን በጣትሽ እየነካሽ ፊደል በፊደል ቁጠሪያቸው።